አንድ ተማሪ፣ አንድ ምዝገባ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሚያተኩረው ትምህርት ቤቶች ሥራቸውን ለማስተዳደር በሚጠቀሙባቸው ነፃ ሶፍትዌሮች ላይ ነው። ርዕሳነ መምህራን፣ የአይሲቲ መምህራን፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ እንዲሁም የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባላት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ብትከታተሉን የምትጽፉት ነገር አታጡም።

እስቲ መስከረም ላይ የሚሆነውን እናስብ። አንድ ተማሪ 9ኛ ክፍል ሊገባ መጣ እንበል። ስሙ በመጀመሪያ በምዝገባ ቅጹ ላይ ይሰፍራል። ሆምሩም መምህሩ በስም መጥሪያው ላይ ይጽፈዋል። መጽሐፍ ሲታደል ንብረት ክፍል ይመዘግበዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ካርድ ያወጣለታል። ትምህርት ቤቱ የግል ከሆነ ሒሳብ ክፍሉም የራሱ ዝርዝር አለው። የየትምህርቱ መምህራን በየማርክ ሊስታቸው ይጽፉታል። ሰኔ ሲደርስ ሮስተር ላይ ይወጣል፤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በሚላከው መረጃ ውስጥም ይቆጠራል። በዚህ ሁሉ መሐል አንዱ «ኃይለ ሚካኤል» ብሎ ነጥሎ ይጽፈዋል፣ ሌላው «ኀይለሚካኤል» ብሎ ይገጥመዋል፣ ሦስተኛው በ«ሃ» ይጀምረዋል። ጣጣው የሚመጣው ልጁ 12ኛን ጨርሶ ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ ነው።

«ይሄማ ኮምፒውተር ሳይገባ የነበረ ችግር ነው» የሚል አይጠፋም። ግን ብዙ ቦታ ኮምፒውተር ከገባም በኋላ ችግሩ መልኩን ቀየረ እንጂ አልሄደም። መዝገብ ቤቱ የራሱ ኤክሴል አለው፤ ሒሳብ ክፍሉም የራሱ፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩም ፍላሽ ላይ የያዙት ሌላ ዝርዝር አለ። የተበታተነው ወረቀት የተበታተነ ፋይል ሆነ።

ስለዚህ የዛሬውን ቁም ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥላችሁ። ነፃ ሶፍትዌር ማግኘት ከባድ አይደለም። ከባዱ ሶፍትዌሮቹን እርስ በርስ ማስተሳሰር ነው። ማስተሳሰሩ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በአንድ ሕግ ሲስማማ ይጀምራል፦ ተማሪ የሚመዘገበው አንድ ጊዜና በአንድ ቦታ ነው፤ ሌላው ክፍል ሁሉ ከዚያ ይቀዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

አስቀድመን ነፃ ሶፍትዌር ምን እንደሆነ እንግባባ። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1983 ግኑ የተሰኘውን ፕሮጀክት ይፋ አደረገ፤ በ1985 ደግሞ የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን አቋቋመ። በዚህ እንቅስቃሴ አስተሳሰብ አንድ ሶፍትዌር ነፃ የሚባለው ለተጠቃሚው አራት መብቶችን ሲሰጥ ነው። ለፈለገው ዓላማ እንዲጠቀምበት፣ ውስጡን ከፍቶ እንዲያጠናውና እንዲለውጠው፣ ቅጂውን ለሌላ እንዲያካፍል፣ ያሻሻለውንም እንዲያሰራጭ።

እነዚህ መብቶች ለትምህርት ቤት ምን ይጠቅማሉ? አንድ ትምህርት ቤት ያዘጋጀውን ሥርዓት በክላስተሩ ውስጥ ላሉት ትምህርት ቤቶች ቢያካፍል ሕጋዊ ነው። የዘመን አቆጣጠሩ ካልተስማማን የሚያስተካክልልን የአገር ልጅ ማግኘት እንችላለን። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር እየጫንን ቫይረስ የምንቀበልበት ምክንያትም አይኖርም። በኢንተርኔት ላይ ያለ ክፍያ የሚሰጡ ብዙ አገልግሎቶች ግን ከዚህ ይለያሉ። ዛሬ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የተማሪዎቻችን መረጃ የሚቀመጠው ግን እነሱ ዘንድ ነው፤ ነገ ክፍያ ቢጀምሩ ወይም አገልግሎቱን ቢዘጉት መብት የለንም።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ከሁሉም በስፋት የሚታወቀው ሙድል ነው። መምህሩ ማስታወሻ፣ የቤት ሥራና ፈተና የሚያስቀምጥበት፣ ተማሪው ገብቶ የሚሠራበት የመማሪያ ሥርዓት ነው። ፈጣሪው ማርቲን ዱጊያማስ ያደገው በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ነው። እንደናንተው እሱም የሬዲዮ ተማሪ ነበር፤ በልጅነቱ የተማረው ሩቅ ላሉ ልጆች በአጭር ሞገድ በሚተላለፍ ትምህርት ነው። በኋላ ፐርዝ በሚገኘው ከርቲን ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ዩኒቨርሲቲው ይጠቀምበት የነበረው የንግድ ሶፍትዌር ስላላረካው የራሱን መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያው ሙሉ የሙድል እትም እንደ ፈረንጆቹ በ2002 ወጣ።

ሁለተኛው ዓይነት የተማሪዎች መረጃ ሥርዓት ነው፤ ምዝገባን፣ የክፍል ድልድልን፣ ቀሪና ገቢን፣ የፈተና ውጤትንና ካርድን ይይዛል። ጊቦን እና ኦፕንሲስ በዚህ ረገድ ይጠቀሳሉ። ጊቦንን የጀመረው ሆንግ ኮንግ ውስጥ ያስተምር የነበረ ሮስ ፓርከር የተባለ መምህር ስለሆነ አሠራሩ የመምህርን የዕለት ሥራ ያውቃል።

ሦስተኛው ለቤተ መጻሕፍት የሚሆነው ኮሃ ነው። ኒው ዚላንድ ውስጥ ሆሮፌኑዋ በተባለ አካባቢ ያሉ ቤተ መጻሕፍት፣ ነባር ሥርዓታቸው እንደ ፈረንጆቹ 2000 ሲገባ ቀን ይስታል የሚል ስጋት ስለነበራቸው አዲስ አሠሩ። ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ወር ላይ ነው። ከዚያ ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቁት፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ያሉ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩበታል።

ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ኮሊብሪ እና ኪዊክስ አሉ። ኮሊብሪ የቪዲዮ ትምህርቶችንና መልመጃዎችን አንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ያዳርሳል፤ ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይሠራል። ኪዊክስ ዊኪፔዲያን ሙሉ በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል።

ከትምህርት ቤት ከፍ ሲል፣ ለወረዳ፣ ለክልልና ለሚኒስቴር የሚሆኑም አሉ። ኦፕንኢሚስ በዩኔስኮ አነሳሽነት የተጀመረ የትምህርት መረጃ ሥርዓት ነው። ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት በአገራችን በጤናው ዘርፍ የታወቀ ነው። በጤና ተቋም የምትሠሩ አድማጮቻችን ወርኃዊ ሪፖርት ስትሞሉበት ታውቁታላችሁ። ይኸው ሥርዓት በጋምቢያና በኡጋንዳ ለትምህርት መረጃም ውሏል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ሁሉንም ጫኑ ለማለት አይደለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንባችሁ! ቤተ መጻሕፍቱ 200 መጽሐፍ ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ኮሃ አያስፈልገውም፤ አንድ የተስተካከለ መዝገብ ይበቃዋል። በጣም የሚያደክማችሁ ሥራ የትኛው እንደሆነ ለዩና ከእሱ ጀምሩ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ አሁን የዝግጅቱ ዋና ክፍል ላይ ደርሰናል። እነዚህን መሣሪያዎች እንዴት እናስተሳስራቸው?

የመጀመሪያው እርምጃ የተማሪ መለያ ቁጥር ነው። ስም ይለዋወጣል፤ ቁጥር አይለዋወጥም። እያንዳንዱ ተማሪ ትምህርት ቤቱ በገባ ቀን አንድ ቁጥር ይሰጠው፤ እስኪወጣ ድረስ ያው ይሁን፤ ከወጣም በኋላ ለሌላ ተማሪ አይሰጥ። ሁለት ነገር አስተውሉ። ቁጥሩ ውስጥ ክፍልና ሴክሽን አታስገቡ፤ ዘንድሮ 9ሀ የነበረ ልጅ ለከርሞ 10ሐ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩንም በዜሮ አታስጀምሩ፤ ምክንያቱን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ። «የፋይዳ ቁጥርን ለምን አንጠቀምም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በነገራችን ላይ ፋይዳ ራሱ የቆመው ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ ውስጥ በተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ነገር ግን የፋይዳ ቁጥር የማንነት ማስረጃ ነው፤ በስም መጥሪያና በቤተ መጻሕፍት ካርድ ላይ የሚለጠፍ አይደለም። ለዕለት ሥራ የትምህርት ቤቱ የራሱ ቁጥር ይሻላል።

ሁለተኛው እርምጃ ለእያንዳንዱ መረጃ ባለቤት መወሰን ነው። የተማሪው ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና የወላጅ ስልክ ባለቤታቸው መዝገብ ቤቱ ይሁን። የተከታታይ ምዘና ውጤት ባለቤት መምህሩ፣ የመጽሐፍ ውሰትና መልስ ባለቤት ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተማሪው ስም ተሳስቶ ቢገኝ ሠራተኛው እዚያው አያርመውም፤ ለመዝገብ ቤት ያሳውቃል፤ መዝገብ ቤቱ ያርመዋል፤ እርማቱም ወደ ሁሉም ይወርዳል። ይህ ሕግ ካልተከበረ ምንም ያህል የረቀቀ ሶፍትዌር ቢገባ በወር ውስጥ ዝርዝሮቹ ይለያያሉ።

ሦስተኛው እርምጃ ማጓጓዝ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከባድ ፕሮግራም መጻፍ ያስፈልጋል ብሎ ይፈራል። አያስፈልግም። የጠቀስናቸው ሥርዓቶች አብዛኞቹ ሲኤስቪ የሚባለውን ቀላል የሠንጠረዥ ፋይል ያወጣሉ፣ ያስገባሉም። መዝገብ ቤቱ የተማሪዎቹን ዝርዝር ከነቁጥራቸው በሲኤስቪ ያወጣል። ያንኑ ፋይል የአይሲቲ መምህሩ ወደ ሙድል ያስገባል፤ ሙድል ለመለያ ቁጥር የተዘጋጀ የራሱ ቦታ ስላለው ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ኮሃም እንዲሁ፤ የአንባቢው ካርድ ቁጥር ያው የተማሪ ቁጥር ከሆነ፣ አዲስ ሲገባ ይመዘግባል፣ ያለውን ደግሞ ያድሳል። ሰሚስተሩ ሲያልቅ መንገዱ ይገለበጣል፤ ውጤቱ ከሙድል በፋይል ወጥቶ ወደ መዝገብ ቤቱ ሥርዓት ይገባና ሮስተርና ካርድ እዚያ ይሠራሉ።

አሁን ዜሮ ያልኳችሁን ላንሳ። ሲኤስቪ ፋይልን በኤክሴል ስትከፍቱ ኤክሴል በቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለ ዜሮን ይጥላል። በ09 የሚጀምር የወላጅ ስልክ በ9 የሚጀምር ሆኖ ይቀራል። ሳታዩት ካስቀመጣችሁት የሁሉም ወላጅ ስልክ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ዓምዱን አስቀድማችሁ ጽሑፍ ነው በሉት። የግዕዝ ፊደልም አለ። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ካልተቀመጠ «አበበ» የነበረው የጥያቄ ምልክት ክምር ሆኖ ይመጣል። ሊብረኦፊስ የተባለው ነፃ የቢሮ ሶፍትዌር ፋይሉን ስትከፍቱና ስታስቀምጡ የትኛውን አጻጻፍ እንደምትፈልጉ ስለሚጠይቅ ለዚህ ሥራ ይመቻል። መጀመሪያ በአምስት ተማሪዎች ሞክሩ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና።

በፋይል ማጓጓዙን ከለመዳችሁ በኋላ ወደ ተሻለው ደረጃ መሻገር ይቻላል። ሙድል በሌላ ዳታቤዝ ውስጥ ያለውን የተማሪ ዝርዝር ራሱ እያነበበ ወደየትምህርቱ የሚመድብበት መንገድ አለው። መምህራን በአንድ የይለፍ ቃል ሁሉም ጋ የሚገቡበትን ሥርዓትም መዘርጋት ይቻላል። ለአብዛኛው ትምህርት ቤት ግን በየሰሚስተሩ መጀመሪያ በጥንቃቄ የሚጓጓዝ አንድ ፋይል በቂ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እነዚህ ሶፍትዌሮች የተሠሩት በሌላ አገር ነው፤ የእኛን ልማድ አያውቁም። ሁለት ቦታ ላይ ይፈትኑናል።

አንዱ ስም ነው። የእነሱ ቅጽ የግል ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የተማሪ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አለን። አንዱ ክፍል የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ካስገባ፣ ሌላው ደግሞ የአያትን ካስገባ፣ ዝርዝሮቹ አይገጥሙም። ሙድል ለመካከለኛ ስም ቦታ አለው፤ ሙሉ ስም በምን ቅደም ተከተል እንደሚታይም ይመረጣል። ስለዚህ የአባት ስም መካከለኛው ላይ፣ የአያት ስም መጨረሻው ላይ ብላችሁ ወስኑና በሁሉም ቦታ እንደዚያው ይሁን። ሞክሼ ፊደላትንም በተመለከተ ኮምፒውተር ሐመሩን «ሐ» እና ሃሌታውን «ሀ» አንድ አድርጎ አይቆጥርም። በልደት ማስረጃው ላይ ያለው አጻጻፍ ይያዝ፤ ፍለጋው ግን በቁጥር ይሁን።

ሌላው ቀን ነው። የካቲት 30 ቀን 2003 ዓ.ም. የተወለደች ተማሪ አለች እንበል። የመዝገብ ሠራተኛው እንደለመደው 30/6/2003 ብሎ ቢያስገባ፣ ሶፍትዌሩ እንደ ፈረንጆቹ ጁን 30 ቀን 2003 ብሎ ይቀበለዋል። የልጅቷ ትክክለኛ ልደት ግን በፈረንጆቹ ማርች 9 ቀን 2011 ነው። ኮምፒውተሩ ሳያጉረመርም ከ7 ዓመት በላይ ጨመረባት! ጥቅምት 30 ቢሆንማ 30/2 የሚባል ቀን ስለማያውቅ እምቢ ይላል፤ ጳጉሜንንም 13ኛ ወር የለም ብሎ ይመልሳል። እምቢ ሲል ደግ ነው፤ ስሕተቱ ይታያል። አደገኛው ዝም ብሎ ሲቀበል ነው። መፍትሔው ሶፍትዌሩ ላይ የፈረንጆቹን ቀን፣ ከጎኑ ደግሞ በጽሑፍ መልክ የእኛን ቀን መያዝ ነው። የሚቀይረውም ሰው አንድና ኃላፊነት ያለው ይሁን።

«ይህ ሁሉ በተግባር ተሠርቶ ታይቷል ወይ?» ብትሉ፣ አዎ። በደቡብ ሕንድ የምትገኘው የኬራላ ክፍለ ሀገር እንደ ፈረንጆቹ በ2001 አይቲ አት ስኩል የሚባል ፕሮጀክት ጀመረች። የትምህርት ቤቶቿን ኮምፒውተሮች ወደ ነፃ ሶፍትዌር አዞረች። በኋላም ፌዴና በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተ ሳምፑርና የተሰኘ የትምህርት ቤት አስተዳደር ሥርዓት ከ15,000 በላይ ለሆኑ ትምህርት ቤቶች ዘረጋች። ከኬራላ የምንማረው ዋናው ነገር መንግሥቷ ሶፍትዌሩን ከመምረጥ አልፎ መምህራንን በብዛት ማሠልጠኑ ነው። የክፍል መምህሩ ኮምፒውተሩን ራሱ ማስተካከል ሲችል ሥርዓቱ ይቆያል።

ተቃራኒው ምሳሌም አለ። ስኩልቱል የተባለ ነፃ የትምህርት ቤት ሶፍትዌር ነበር፤ ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት የመሠረተው ማርክ ሻትልዎርዝ በገንዘብ ይደግፈው ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ልማቱ ቆመ። ስለዚህ ሶፍትዌር ስትመርጡ በቅርቡ የታደሰ መሆኑን፣ መረጃውንም በሲኤስቪ ማውጣት መቻሉን አረጋግጡ። መረጃችሁን ይዛችሁ መውጣት ካልቻላችሁ አትግቡ።

(አጭር ሙዚቃ)

ሶፍትዌሩ ነፃ ነው ማለት ወጪ የለም ማለት አይደለም። ለሰርቨር የሚሆን አንድ ኮምፒውተር፣ ራውተር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ኢንተርኔት የግድ አይደለም፤ በግቢው ውስጥ ባለ ኔትወርክ ብቻ መሥራት ይቻላል። የመረጃው ቅጂ በየሳምንቱ ይወሰድ፤ አንዱም ቅጂ ከግቢው ውጭ ይቀመጥ። ቅጂው በትክክል እንደሚከፈትም በየጊዜው ፈትኑት።

ከሁሉም በላይ ሰው ያስፈልጋል። ለአይሲቲ መምህሩ 30 ክፍለ ጊዜ ሰጥቶ፣ በትርፍ ሰዓትህ ሥርዓቱንም ጠብቅ ማለት ሥርዓቱን መግደል ነው። ክፍለ ጊዜው ይቀነስለት፤ ሌላ አንድ ሰውም ይሠልጥን፤ መምህሩ ሲዛወር የይለፍ ቃሉ አብሮት መሄድ የለበትም።

የሕፃናት መረጃ አደራ መሆኑንም አንርሳ። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የተማሪን ውጤት፣ የጤና ሁኔታና የወላጅ ስልክ ማየት ያለበት ሥራው የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው። የክፍልን ሮስተር ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ግሩፕ መልቀቅ ይቅር።

በመጨረሻ ለሥራ የሚሆን ቅደም ተከተል እነሆ። ሐምሌ ላይ ተቀመጡና መለያ ቁጥሩንና የመረጃ ባለቤቶቹን ወስኑ፤ በቃለ ጉባኤም ያዙት። ነሐሴ ላይ ሶፍትዌሩን ጫኑና በጥቂት ስሞች ሞክሩ። መስከረም ላይ በአንድ የክፍል ደረጃ ብቻ ጀምሩ። የመጀመሪያውን ሰሚስተር ወረቀቱንም አብራችሁ ያዙ። የካቲት ላይ ሁለቱን አመሳክሩ፤ ከገጠመ ለከርሞ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች አስፉት፤ ካልገጠመ የት እንደተለያየ ፈልጉ እንጂ ሶፍትዌር ለመቀየር አትሩጡ።

ርዕሳነ መምህራን፣ ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ባለሙያው ያለ እናንተ ሕግ ማስከበር አይችልም። የአይሲቲ መምህራን፣ የሠራችሁትን ለጎረቤት ትምህርት ቤት አካፍሉ፤ የነፃ ሶፍትዌር መብቱም ይፈቅድላችኋል። ወላጆች ደግሞ በምዝገባ ቀን የልጃችሁን የልደት ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙ እንዴት እንደተጻፈ ሳታዩ አትፈርሙ። ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ደህና ሁኑ!

(የመዝጊያ ሙዚቃ)